ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ

በዚያ ዘመን ፊዚክስን መርጦ የሚመጣ ተማሪ ጥቂት ነበር። ምደባ ሲለጠፍ ልጆቹ ሰሌዳውን ከበው ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ይፈልጋሉ። «ምን ደረሰህ?» «ምን ደረሰሽ?» ይባባላሉ። ሕክምና የደረሰው፣ ምህንድስና የደረሰው እዚያው ቆሞ ለወላጆቹ ይደውላል። ፊዚክስ የደረሰው ግን ድምፁን አጥፍቶ ወደ ዶርሙ ይገባል። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ላስተምር ስገባ አዳራሹን ሞልተው የጠበቁኝ እነዚያ ድምፃቸውን ያጠፉ ልጆች ነበሩ።

ዘመኑ የመስፋፋት ዘመን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 የሚሆነው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ወሰነ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችም በየአቅጣጫው ተከፈቱ፤ ወልዲያ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። ውሳኔው ብዙ የገበሬ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ አብቅቷል፤ ይህን ውለታ የሚክድ የአገሬ የላስታ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያልጠየቀውን ትምህርት ሰጥቶ «ውደደው» ማለት ከባድ ነው። የማስወደዱ ሥራ ሙሉ በሙሉ የወደቀው በመምህሩ ላይ ነበር፤ ከኮርሶችም ሁሉ በመጀመሪያው ኮርስ ላይ። ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነገሩ ካልገባው፣ የቀረውን ዓመት ቀመር እየሸመደደ ይገፋዋል እንጂ ፊዚክስ አይማርም።

እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር አልፎ ይቆማል፤ ተከዜም የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው። አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሬ ወደ አገሬ ሰዎች ስመለስ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለዚህ ተራራ፣ ስለዚህ ገደል፣ ስለዚህ ፀሐይ መሆኑን ማሳየት።

መጽሐፋችን ሰርዌይ ነበር። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፎቶ ኮፒው እየተባዛ፣ ጥራዙ እየተበጣጠሰ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ግሩም መጽሐፍ ነው። ምሳሌዎቹ ግን በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት የሆኪ ጠፍጣፋ፣ ስለ ቤዝቦል ኳስ፣ ስለ መዝናኛ ስፍራ ባቡር ናቸው። ከቡግና ወይም ከግዳን ወረዳ የመጣ ልጅ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይታገላል፣ ቀጥሎ ያላየውን ጨዋታ ይታገላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊዚክሱ የሚደርሰው። ብዙው ሳይደርስ ይደክማል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እየጻፍሁ ክርክሩን በአማርኛ አደርገው ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማሰቡ ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ካልተጀመረ ፈተናውም ላይ አይገኝም። ይህን እምነቴን እስከ ዛሬ አልቀየርኩም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ መለኪያ ነው፦ ሜትር፣ ኪሎ ግራም፣ ሰከንድ። ብዙ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። እኔ እዚያ መቆየት እወዳለሁ፤ ፊዚክስ የሚጀምረው «ስንት ነው? በምን ለካኸው?» ከሚለው ጥያቄ ነውና። አንድ ዓመት «አንድ ቀን በስንት ይከፈላል?» ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «በ24» አለ። ከመሐል የተቀመጠ አንድ ዲያቆን ተማሪ ግን እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በስልሳም ይከፈላል» አለኝ።

ወጥቶ እንዲያስረዳ ጠመኔውን ሰጠሁት። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ከየኔታ እግር ሥር የተማረ ልጅ ነበር። ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ ኬክሮስ 60 ካልዒት፤ ካልዒት 60 ሣልሲት፤ እያለ በራብዒትና በኀምሲት በኩል እስከ ሳድሲት ወረደ። «በል አሁን እያንዳንዱን ወደ ሰከንድ ቀይረው» አልኩት። ኬክሮስ 24 ደቂቃ ሆነች፤ ካልዒት 24 ሰከንድ፤ ሣልሲት 0.4 ሰከንድ። ሳድሲት ላይ ሲደርስ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ አብሮት ይሠራ ነበር፤ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ያህል ወጣች። ብርሃን በዚያች ሳድሲት ውስጥ ስንት ይጓዛል? 555 ሜትር። ሊቃውንቱ ጊዜን ይህን ያህል ያደቀቁት የፀሐይና የጨረቃን ዑደት ሲያስማሙ ቀሪው እንዳይጠፋባቸው ነው። ስሌትን እንዲህ ያከበረ አገር ልጆች «ፊዚክስ የኛ አይደለም» ሲሉ መስማት ያመኛል። ያ ዲያቆን ከዚያ ቀን በኋላ የፊት ወንበር ተማሪ ሆነ። አሃድ መቀየር ያስቸገራቸው ጓደኞቹም ማታ ማታ እሱን ፍለጋ ዶርሙ ይሄዱ ጀመር።

ከዚያው ኬክሮስ ሌላ ትምህርት ወጣልን። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናታችን በላይ ታልፋለች፤ ሚያዝያ 14 አካባቢና ነሐሴ 15 አካባቢ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል። የነሐሴውን ደመና ይወስደዋል። የሚያዝያው ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ወልዲያ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች እዚያ አንድ ቀን ያህል ይቀድማል። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሜዳ ወጣሁና ቀጥ ያለ እንጨት ተከልን፣ ቱንቢ አውርደን መቆሙን አረጋገጥን፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር እየተከተልን ምልክት አደረግን። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ጥላው እንዲጠፋ ይጠብቃል። አልጠፋም። ስድስት ሰዓት ከአሥርም አልጠፋም። ስድስት ከሃያ ሲያልፍ ጥላው ከእንጨቱ ሥር ገባ፤ ቀጥሎ በሌላው በኩል ወጣ።

ለምን ዘገየ? ክርክሩ ምሳ ሰዓት አሳለፈብን። አንዷ ተማሪ ነች ወደ መልሱ የመራችን፦ «ሰዓታችን የማን ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው ሩቅ ምሥራቅ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ ዋርዴርን ተጠግቶ ነው። ላሊበላም ወልዲያም በ39ኛው ዲግሪ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ፤ ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስድስት ጊዜ አራት፣ 24 ደቂቃ ገደማ። ዲያቆኑ ከኋላ «አንድ ኬክሮስ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨበ። እንጨትና ጠጠር ብቻ ይዘው ስለ ምድር መዞርና ስለ አገራቸው ሰዓት የማያውቁትን አወቁ። ከዚህ የበለጠ ላቦራቶሪ ስጠኝ ብዬ እግዚአብሔርን አልጠየቅሁም።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ግን የወንጭፉን ቀን ነው። ትምህርቱ የክብ እንቅስቃሴ ነበር። ሰሌዳው ላይ ክብ ስዬ፣ በገመድ ታስሮ የሚዞር ድንጋይ አድርጌበት፣ «ገመዱ እዚህች ነጥብ ላይ ቢበጠስ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?» አልኩ። ምርጫዎቹን በቀስት አሰመርሁ፦ አንዱ ከክቡ መሐል በቀጥታ ወደ ውጭ፣ አንዱ ክቡን ነክቶ ቀጥ ብሎ ወደፊት፣ አንዱ ክቡን ተከትሎ እየታጠፈ። እያንዳንዱ መልሱን በወረቀት ጽፎ እንዲያስቀምጥ ነገርኩና እጅ አስወጣሁ። አብዛኛው «ወደ ውጭ» አለ።

ይህ ጥያቄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሪዞና ዴቪድ ሄስተነስና ባልደረቦቹ የኃይልን ጽንሰ ሐሳብ የሚፈትሽ መጠይቅ አሳትመው ነበር፤ ስሌት የለውም፣ ቀመር የለውም፣ የዕለት ተዕለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። የአሜሪካ ተማሪዎችም ኮርሱን ጨርሰው፣ ጥሩ ነጥብ አግኝተው እነዚህን ቀላል ጥያቄዎች ይስቱ ነበር። ስለዚህ የወልዲያ ልጆች መሳታቸው አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው።

«በወንጭፍ ወርውሮ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። የአዳራሹ ግማሽ እጁን አወጣ። ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ያደጉ ልጆች ናቸው። ከኋላ ወንበር አንድ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የቡግና ልጅ ተነሣ። «መምህር፣ ዝንጀሮው ፊት ለፊቴ ከሆነ ድንጋዩን የምለቀው ጎኔ ላይ ሲደርስ ነው» አለ። ክንዱን ከራሱ በላይ እያዞረ አሳየን። «ፊቴ ላይ ሲደርስ ብለቀው ወደ ጎን ሄዶ ሰው ይመታል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ክብ እያዩ ክንዳቸውን በአየር ላይ የሚያዞሩ ልጆች አየሁ። ድንጋዩ ጎን ላይ ሲለቀቅ ወደ ፊት ከሄደ፣ ክቡን ነክቶ ቀጥ ብሎ ሄደ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚገፋው ነገር የለም፤ ገመዱ ወደ ውስጥ ይስበው ነበር፣ ሳቢው ሲቀር ድንጋዩ በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ቀጠለ። የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። «የጻፍከውን አሳየኝ» አልኩት የቡግናውን ልጅ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ወደ ውጭ» የሚለው ነበር። በእረኝነቱ ስቶ የማያውቀውን ወረቀት ላይ ሳተው። ትምህርት ቤት ያለው ዕውቀትና ሜዳ ያለው ዕውቀት ተገናኝተው አያውቁም፤ ሁለቱም በአንድ ልጅ ውስጥ እየኖሩ።

የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙርም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ገጥሞታል። የሄስተነስን ጥያቄዎች ለተማሪዎቹ ሲሰጥ አንዲት ተማሪ፣ እሱ ባስተማራቸው መንገድ ትመልስ ወይስ እሷ እንደምታስበው ብላ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ማዙር ሌክቸሩን ቀንሶ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲከራከሩ አደረገ፤ ዘዴው ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። እኔ በዚያ ክፍል የገባኝ ደግሞ የላስታ ልጅ ለክርክር የሚሆን ስንቅ ሞልቶት መምጣቱ ነው። ጠያቂ አጥቶ እንጂ።

ከዚያ ወዲያ እረኝነታቸውን መጠየቅ ልማድ አደረግሁት። ቡሄ ሲደርስ የሚጮኸው ጅራፍ ለምን ይጮኻል? ድምፁ የሚመጣው ከምንም ጋር ሳይጋጭ ነው። ማዕበሉ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲሮጥ እየፈጠነ ይሄድና ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ የሚሰማው ጩኸት ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን የሚያሰማው ዓይነት፣ በጣም ትንሽ የሆነ የአየር ግፊት ማዕበል ነው። ይህን በነገርኳቸው ቀን ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። የሰው ልጅ ከአውሮፕላን አስቀድሞ የድምፅን ፍጥነት ያለፈው በጅራፍ ነው፤ በእነሱ እጅም አልፏል።

ላሊበላ ወስጃቸዋለሁ። ከወልዲያ በድልብ ወጥቶ፣ በጋሸና ታጥፎ የሚሄደው መንገድ ነው። ጠዋት ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው ዳገት ላይ ካሉት ገደሎች በአንዱ ፊት ቆመን የገደል ማሚቶ ለካን። ከገደሉ ግድግዳ 100 ሜትር በገመድ እንለካለን። አንዱ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት እያጋጨ ይመታል፣ ማሚቶው ሲመለስ በትክክል ከሚቀጥለው ምት ጋር እስኪገጥም ድረስ ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ ሌላው ሃያ ምት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልኩ ይይዛል። አሥራ ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይጠናቀቃል። ድምፅ በአንድ ምት መካከል 200 ሜትር ደርሶ መልስ ሄዷል፤ ስለዚህ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። ብዙዎቹ «እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል» ብለው ገምተው ነበር። አልዘገየም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም። ግፊቱ ግን እናቶቻችንን ያስቸግራል፤ ላሊበላ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ ይፈጃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ መሬት ተፈልፍሎ በተሠራው በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። የላሊበላ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ያን ቀን ለልጆቹ የሰጠሁት ጥያቄ፦ ከዚህ ጉድጓድ የወጣው ድንጋይ ስንት የአህያ ጭነት ይሆናል? ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ፤ ስፋቱን በእርምጃ ገመቱ፤ የሕንፃውን አካል ቀነሱ፤ የድንጋዩን ክብደት ከውሃ እጥፍ አደረጉት፤ ለአንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ጫኑ። ግምታቸው ይለያይ ነበር፣ ሁሉም ግን ከመቶ ሺህ ጭነት በላይ ወጣ። የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚም ተማሪዎቹን እንዲህ ባለ ግምት ያሠለጥን ነበር። ዲያቆኑ ቁጥሩን አይቶ፣ «ቀን ሰው ሲሠራ ውሎ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር የሚባለው ለዚህ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ስሌቱ ለአድናቆታችን መጠን ሰጠው እንጂ አልቀነሰውም።

ስለ ማስተማር ሳስብ አራት ኪሎ ሳለሁ ስሙ ሲነሣ የምሰማው አንድ ሰው ይታወሰኛል፤ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስሮ በእስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ያስተምር ነበር። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቶታል። ጠመኔና ሰሌዳ በሌለበት እስር ቤት ያስተማረ ሰው ባለባት አገር፣ «መሣሪያ የለም» ብሎ አለማስተማር ለእኔ የማይዋጥልኝ ነገር ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፤ ጀነራል ፊዚክስም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ኮርስ ሆነ። ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትመጥቅ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደስታ ልዩ ነበር፤ የምሕዋር ስሌቱን ሳላዛቸው ሠርተው መጡ። በመጋቢት ግን ኮሮና ገባና ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተሸኙ። ዓመቱ በመሐል ተቆረጠ።

በዚያ ክረምት መግቢያ ነው ሰማዩ ራሱ ያስተማረልን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ፣ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ። ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም፤ ዙሪያዋን ቀጭን የብርሃን ቀለበት ተረፈ። እኔ ላሊበላ ቤቴ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ በየቀበሌው ተበትነዋል። ቀደም ብዬ ኔትወርክ የሚደርሳቸውን በስልክ አዘጋጅቻቸው ነበር፦ በዓይናችሁ እንዳታዩ፤ ካርቶን በመርፌ ቀዳችሁ ብርሃኑን በነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉ። ለቤተሰብም አስረዱ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ፈዘዘ፤ ያ የማይለመድ፣ ጥላን ስል የሚያደርግ ብርሃን። አየሩ በረድ አለ። ወይራ ዛፍ ሥር የቆምን ሰዎች ወደ መሬት ስናይ፣ በቅጠሎቹ ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን ሁሉ መጀመሪያ እንደ አዲስ ጨረቃ፣ ቀጥሎ እንደ ቀለበት ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀለበቶች አፈሩ ላይ። ቀለበቱ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆየና ተከፈተ። ከአጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይህን ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ እንዴት አወቃችሁት?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ የሚያህል የፊዚክስ መግቢያ አላውቅም። ከኒውተን ሕግ ተነሥተን፣ የጨረቃንና የምድርን መንገድ ሠርተን፣ እስከ ሰከንዱ እንደምናውቀው ዛፉ ሥር ቆመን አስረዳኋቸው። የዚያን ቀን ማታ አንዲት የፍሬሽማን ተማሪዬ ደውላ፣ «ጨረቃ በየወሩ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ታዲያ ለምን በየወሩ ግርዶሽ የለም?» አለችኝ። የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ አምስት ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን በሎሚና በብርቱካን ቤቷ ውስጥ እንድትሠራው ነገርኳት። ምደባ ሲመጣ ፊዚክስን በመጀመሪያ ምርጫዋ ሞላች።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ደረሰ። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። ላሊበላም ወልዲያም ወራት በጦርነት ውስጥ አለፉ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመ። ስንመለስ ክብደቶቹ፣ ስፕሪንጎቹ፣ ተማሪዎች የማሚቶውንና የጥላውን ልኬት የጻፉባቸው ደብተሮች የሉም። ከተማሪዎቹም ያልተመለሱ አሉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ የመጣው ትውልድ ትምህርቱ የተቆራረጠበት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2015 ሲገለጽ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ማለፊያው ያልሞላላቸው የሬሚዲያል (የማካካሻ) ተማሪዎች መጡልን። ሰው «ደካሞች ናቸው» ይላል። ክፍላቸው ገብቼ ክብ ስዬ፣ ገመዱ ሲበጠስ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል አልኳቸው። እነሱም «ወደ ውጭ» አሉ። ወንጭፍ የያዘ አለ ወይ ስል እነሱም እጃቸውን አወጡ። ከጎበዞቹ ዘመን ተማሪዎች በምንም አይለዩም። የሚለያቸው ፍርሃታቸው ነው፤ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መምህሩ ፊት ላይ ትክክለኛውን መልስ ይፈልጋሉ። ያን ፍርሃት የሚያወጣ ፈተና የለም። የሚያወጣው መጀመሪያ ላይ የሚያገኙት መምህር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ የሚሰጠው ገና ለተቀጠረ ወጣት መምህር ነው፤ ነባሮቹ የላይኛውን ክፍል ይይዛሉ። ይህ የተገለበጠ አሠራር ነው። ኳንተም ሜካኒክስ የሚማር ተማሪ መጽሐፉን ይዞ በራሱ ብዙ ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያ ዓመቱ ልጅ ግን ብዙ ያየ፣ ልጁ የሳተው የት ላይ እንደሆነ ከአንድ ቃሉ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ሆይ፣ ከሁሉ የምትመኩበትን መምህር ለፍሬሽማን ስጡ። ወጣት መምህራንም በአማርኛ ለማወያየት አትፈሩ፤ ስለ እረኝነታቸው፣ ስለ ማድ ቤታቸው፣ ስለ ገደላቸው ጠይቋቸው።

የላስታ፣ የቡግና፣ የግዳንና የመቄት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆይ፣ እናንተንም አደራ የምላችሁ አለኝ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅና በዓረብ ምድር ላይ ሙሉ የሆነ የፀሐይ ግርዶሽ ያልፋል፤ ከላስታ ሆኖ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል፣ የሐምሌ ደመና ካልጋረደው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን ልጆቹ ለክረምት ከመበተናቸው በፊት ካርቶን መቅደዱንና ፀሐይን በባዶ ዓይን አለማየቱን አስተምሯቸው፤ ሰዓቱንም ራሳቸው እንዲያሰሉት ከአሁኑ አስጀምሯቸው።